ያቁት፣ ላዕልና መረግድ፦ የከበሩ ድንጋዮች የቀለም ምንጭ የታወቀበት ታሪክ

ወርቅ በክብደቱና በንጥረቱ፣ ጨው በአሞሌው መጠን ሲሸጥ በኖረበት ዓለም የከበረ ድንጋይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተሸጠው ከሁሉ በፊት በቀለሙ ነው። ሻጩም ሆነ ገዢው ድንጋዩ ከምን እንደ ተሠራ የሚያውቁበት መንገድ ስላልነበራቸው ዐይን የሚያየውን ቀለም የድንጋዩ ማንነት አድርገው ወሰዱት፤ በዚህም ምክንያት ቀይ የሆነው ሁሉ በአንድ ስም፣ አረንጓዴ የሆነው ሁሉ በሌላ ስም ሲጠራ ኖረ። ይህን ልማድ ለመለወጥ በመዛኞች፣ በክሪስታል ለኪዎች፣ በኬሚስቶችና በመጨረሻም በፊዚክስ ሊቃውንት እጅ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ሥራ አስፈልጓል። ሥራው ያስገኘው መልስም ነጋዴዎች ከገመቱት እጅግ የራቀ ነበር፤ በአብዛኞቹ ውድ ድንጋዮች ውስጥ ቀለም የሚሰጠው በድንጋዩ ውስጥ ካለው ሁሉ በመጠን የሚያንሰውና ለድንጋዩ ባዕድ የሆነው ንጥረ ነገር ነው።

የጥንቱን አመለካከት በስፋት መዝግቦ ያቆየው በ79 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ ነው። የተፈጥሮ ታሪክ በተባለው ሥራው የመጨረሻ በሆነው በሠላሳ ሰባተኛው መጽሐፍ እንደ ፍም የሚያበሩትን ቀይ ድንጋዮች ሁሉ ካርቡንኩሉስ በሚል አንድ ስም ሥር ሰብስቧቸዋል፤ ዛሬ ሩቢ፣ ስፒኔልና ጋርኔት ተብለው የሚለዩት ሦስት ማዕድናት በእርሱ ዘመን የአንድ ቤተሰብ አባላት ነበሩ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከአሮን የደረት ኪስ ድንጋዮች አንዱ የሆነው ቶጳዝዮን በፕሊኒ ዘገባ በቀይ ባሕር ካለች ደሴት የሚወጣ አረንጓዴ ድንጋይ ነው፤ ደሴቲቱ ዛሬ ዘበርጋድ የምትባለው፣ ድንጋዩም ፔሪዶት የሚባለው ሲሆን፣ አሁን ቶፓዝ ከሚባለው ማዕድን ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሰንፔርም ቢሆን በፕሊኒ መጽሐፍ የወርቅ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ድንጋይ ተብሎ ስለ ተገለጠ፣ ይህ ገለጻ የሚስማማው ከአፍጋኒስታን ተራሮች ለሚወጣው ላፒስ ላዙሊ እንጂ ለዛሬው ሰንፔር አይደለም። የጥንት መጻሕፍትን የዕንቁ ስሞች በዘመናችን ገበያ ከሚገኙት ድንጋዮች ጋር በቀጥታ ማስተካከል አንባቢን የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለምን ትቶ ሌላ መለያ መፈለግ የጀመረው የምሥራቁ ዓለም ነው። በ973 በኸዋሪዝም የተወለደውና በኋላ በጋዝና ቤተ መንግሥት የኖረው አቡ ረይሐን አል ቢሩኒ በሕይወቱ መጨረሻ አካባቢ ስለ ከበሩ ድንጋዮች በጻፈው መጽሐፍ የነጋዴዎችን ወሬና የመጻሕፍትን ቃል ከራሱ መለኪያ ጋር እያነጻጸረ መርምሯል። በአረብኛ ያቁት የሚባለው ድንጋይ ቀይም፣ ቢጫም፣ ሰማያዊም ሊሆን እንደሚችል የዘመኑ ነጋዴዎች ያውቁ ነበር፤ ከባዳኽሻን የሚመጣው ላዕል የተባለው ቀይ ድንጋይ ግን ቀዩን ያቁት በመልክ ስለሚመስለው በቀላሉ ይምታታ ነበር። አል ቢሩኒ ውሃ በሞላበትና በአንገቱ በኩል ቀጭን የመፍሰሻ ቱቦ ባለው ዕቃ ውስጥ ድንጋዩን እየጨመረ ተገፍቶ የሚወጣውን ውሃ መዘነ፤ በዚህም አንድ ድንጋይ በመጠን ከሚስተካከለው ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ ማለትም አንጻራዊ ጥግግቱን፣ ለማወቅ ቻለ። በዛሬው ልኬት ያቁት ከውሃ አራት እጥፍ ገደማ ሲከብድ ላዕል ሦስት ነጥብ ስድስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ያቁት ላዕልን ይጭረዋል፣ ላዕል ግን ያቁትን አይጭረውም። ሁለት ድንጋዮች በቀለም አንድ ሆነው በባሕርይ ሊለያዩ እንደሚችሉ በሚዛን የታየበት ይህ ሥራ በማዕድን ጥናት ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ያህል አይወሳም።

አውሮፓ ይህ ዕውቀት ሳይደርሳት ድንጋዮቹ ደረሷት። በዛሬው የታጂኪስታንና የአፍጋኒስታን ድንበር፣ በፓንጅ ወንዝ ዳር ከሚገኙት የባዳኽሻን ጉድጓዶች የሚወጣው ላዕል በፋርስና በህንድ ነጋዴዎች እጅ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ባላስ ሩቢ የሚል ስም ወጣለት፤ ማርኮ ፖሎም በተራራው ላይ ያለ ንጉሡ ፈቃድ የሚቆፍር ሰው በሞት እንደሚቀጣ ጽፏል። የእንግሊዙ ልዑል ኤድዋርድ፣ በቅጽል ስሙ ጥቁሩ ልዑል፣ በ1367 በናሄራ ጦርነት ለካስቲሉ ንጉሥ ለፔድሮ ካገዘ በኋላ ከንጉሡ እንደ ተቀበለው የሚነገርለት ትልቅ ቀይ ድንጋይ እስከ ዛሬ ድረስ የጥቁሩ ልዑል ሩቢ ይባላል። 170 ካራት የሚገመተው ይህ ድንጋይ (አንድ ካራት የአንድ ግራም አምስተኛ ነው) በእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ ግንባር ላይ ከተቀመጡት ዕንቁዎች አንዱ ሲሆን፣ በማዕድንነቱ ሩቢ ሳይሆን ስፒኔል፣ ማለትም የአረቦቹ ላዕል ነው። የህንድ የሙጋል ነገሥታት ስሞች የተቀረጹበትና በ1851 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተበረከተው የቲሙር ሩቢም እንዲሁ ስፒኔል ነው። አል ቢሩኒ በሚዛኑ የለያቸውን ሁለት ድንጋዮች የአውሮፓ ግምጃ ቤቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይለዩ አከማችተዋል።

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ወደ ህንድ ደጋግሞ የተጓዘው ፈረንሳዊ የዕንቁ ነጋዴ ዣን ባቲስት ታቬርኒዬ በፔጉ፣ በዛሬዋ ምያንማር፣ ሕዝቡ ባለ ቀለም ድንጋዮችን ሁሉ ሩቢ ብሎ እንደሚጠራና ሰንፔርን ሰማያዊ ሩቢ እንደሚለው መዝግቧል። የአውሮፓ አንባቢ ይህን እንደ አላዋቂነት ሊቆጥረው ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ ስለ ሰንፔርና ስለ ሩቢ በፔጉ ጠጠር አጥበው ድንጋዮቹን የሚያወጡት ሰዎች ከፓሪስ ነጋዴዎች ይልቅ ለእውነቱ ቀርበው ነበር፤ ከአንድ ጠጠር ውስጥ አብረው የሚወጡ፣ በጥንካሬና በክብደት የማይለያዩ ድንጋዮች መሆናቸውን በእጃቸው ያውቁ ነበርና። በአውሮፓ ይኸው ድምዳሜ የተደረሰበት ቀስ በቀስ ነው። ፈረንሳዊው ሮሜ ደ ሊል በ1783 ባሳተመው የክሪስታሎች ጥናት የገጽታዎችን ማዕዘን በመለካት፣ ስምንት ገጽ ያለው የስፒኔል ክሪስታል ከስድስት ማዕዘኑ የሩቢ ክሪስታል የተለየ ማዕድን መሆኑን አሳየ፤ የማዕድን አጥኚው ቡርኖን ደግሞ በ1802 ሩቢና ሰንፔር ኮረንደም የተባለው የአንድ ማዕድን ሁለት ቀለማት መሆናቸውን ጻፈ። ኮረንደም፣ ማለትም የአረቦቹ ያቁት፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን ብቻ የተሠራ ውሁድ ሲሆን፣ ንጹሕ ከሆነ እንደ ውሃ የጠራና ምንም ቀለም የሌለው ነው። እንግዲህ ቀዩና ሰማያዊው ከየት ይመጣሉ የሚለው ጥያቄ ለኬሚስቶች ቀረ።

መልሱ የተጀመረው ዕንቁ ካልሆነ ማዕድን ነው። በኡራል ተራሮች ካለው ከቤሬዞቭስክ የወርቅ ማውጫ የሚገኘው ደማቅ ብርቱካንማ ቀይ የእርሳስ ማዕድን የሠዓሊዎችን ዐይን ስቦ ነበር። ፈረንሳዊው ኒኮላ ሉዊ ቮክለን በ1797 ይህን ማዕድን ሲመረምር ከዚያ በፊት ያልታወቀ ንጥረ ነገር አገኘ፤ ውሁዶቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እየሆኑ ስለ ታዩትም በግሪክኛ ቀለም ማለት ከሆነው ቃል ተወስዶ ክሮም ተባለ፤ በአማርኛ መጻሕፍት ክሮሚየም የሚባለው ይህ ብረታዊ ንጥረ ነገር ነው። ቮክለን በዚያ ላይ አላቆመም። የክሪስታል ሊቁ ረኔ ዡስት አዩይ የመረግድና የቤሪል ክሪስታሎች በቅርጽ አንድ መሆናቸውን ስላሳሰበው ሁለቱን አነጻጽሮ መረመረ፤ በ1798ም በሁለቱም ውስጥ ኋላ ቤሪሊየም የተባለውን ሌላ አዲስ ንጥረ ነገር ሲያገኝ፣ በመረግዱ ውስጥ ግን በተጨማሪ ያንኑ ክሮሚየም አገኘ። ስለዚህ መረግድ ራሱን የቻለ ማዕድን ሳይሆን፣ በገበያ ርካሽ ከሆነው ቤሪል ጋር አንድ የሆነና በጥቂት ክሮሚየም የቀለመ ድንጋይ ነው። ከዚያም በቀዩ ስፒኔል ውስጥ ክሮሚየም ተገኘ። አንድ ንጥረ ነገር አንዱን ድንጋይ እንደ ቅጠል ለምልሞ እንዲታይ፣ ሌላውን እንዲቀላ የሚያደርግበት ምክንያት ለዚያ ዘመን ኬሚስትሪ ፈጽሞ የማይፈታ ነበር።

ኬሚስቶቹ ምክንያቱን ባያውቁም ሩቢን ለመሥራት ግን ሞከሩ። በ1837 ማርክ ጎዳን የአሉሚኒየም ጨውን ከክሮሚየም ጨው ጋር አቅልጦ ጥቃቅን ቀይ ክሪስታሎችን ሠራ፤ ኤድሞን ፍሬሚና ተባባሪዎቹ በ1870ዎቹ ቀጭን ሩቢዎችን በምድጃ ውስጥ አሳደጉ። ለገበያ የሚበቃውን መንገድ ያገኘው የፍሬሚ ተማሪ የነበረው ኦጉስት ቬርኔይ ነው። ይህ ሰው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄትን ከጥቂት ክሮሚየም ጋር ቀላቅሎ ከሁለት ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ እያንጠባጠበ፣ የቀለጠው ጠብታ ከታች እየተጠራቀመ አንድ ወጥ ክሪስታል እንዲሆን አደረገ፤ ዘዴውን በ1902 ይፋ ሲያደርግ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሩቢ መሥራት ተቻለ። ድንጋዮቹ በኬሚካላዊ አካላቸውም ሆነ በቀለማቸው ከተፈጥሮው ስለማይለዩ የፓሪስና የለንደን ነጋዴዎች በብርቱ ተጨነቁ፤ መለያው የተገኘው በማጉያ መነጽር ብቻ በሚታዩት የተጠማዘዙ የእድገት መስመሮችና ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ነው።

ሰማያዊውን መሥራት ከቀዩ ይልቅ አስቸገረ፤ የቀለምን ምንጭ በማወቅ ረገድም የበለጠ ያስተማረው ይኸው ችግር ነው። መስታወት ሠሪዎች ሰማያዊ የሚያገኙት ከኮባልት ስለነበር መጀመሪያ የተሞከረው ኮባልት ነው፤ ኮረንደም ግን ኮባልትን በወጉ አልቀበልም አለ። ኮባልቱ እንዲገባ ማግኒዥየም ሲጨመርበት ሰማያዊ ድንጋይ ተገኘ፤ ሲመረመር ግን ሰንፔር ሳይሆን ስፒኔል ሆኖ ወጣ። በዚህ ጊዜ የተፈጥሮ ሰንፔሮች በጥንቃቄ ተተንትነው ብረትና ታይታኒየም እንዳለባቸው ስለ ታየ፣ ቬርኔይ ሁለቱን አብሮ ጨምሮ በ1910 ገደማ እውነተኛውን ሰማያዊ ኮረንደም ሠራ። ብረት ብቻውን ቢገባ ፈዛዛ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሰጣል፤ ታይታኒየም ብቻውን ምንም ቀለም አይሰጥም፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ብርሃን ሲያርፍባቸው አንድ ኤሌክትሮን ከብረቱ ወደ ታይታኒየሙ ይዘላል፣ ለዝላዩም የሚያስፈልገውን ኃይል ከብርሃኑ ቢጫና ቀይ ክፍል ስለሚወስድ የሚተርፈው ሰማያዊ ነው። ለዚህ ከየንጥረ ነገሩ ከመቶ አንድ እጅ የጥቂት መቶኛ ክፋይ ያህል ይበቃል።

የክሮሚየም ምሥጢር የተፈታው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሐንስ ቤተ በ1929 ባሳተመው ጥናት፣ በክሪስታል ውስጥ የተቀመጠ አንድ የብረታዊ ንጥረ ነገር አቶም በዙሪያው ባሉት አቶሞች ኤሌክትሪካዊ ግፊት የተነሣ የኤሌክትሮኖቹ የኃይል ደረጃዎች እንደሚከፋፈሉ በሒሳብ አሳየ፤ ይህም የክሪስታል መስክ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። በሩቢና በመረግድ ውስጥ ክሮሚየሙ የአሉሚኒየምን ቦታ ይዞ በስድስት የኦክስጅን አቶሞች ተከብቦ ይቀመጣል። ኤሌክትሮኖቹ ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ለመዝለል ከሚያልፈው ነጭ ብርሃን የተወሰነ ክፍል ይመጥጣሉ፤ ደረጃዎቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ግን የሚወስነው የኦክስጅኖቹ ግፊት ብርታት ነው። በሩቢ ውስጥ ግፊቱ ጠንካራ በመሆኑ የሚመጠጡት ቢጫ አረንጓዴውና ወይን ጠጁ ናቸው፤ ስለዚህ ቀዩ ያልፋል። በመረግድ ውስጥ ኦክስጅኖቹ በአካባቢያቸው ካሉት ከቤሪሊየምና ከሲሊኮን ጋር በብርቱ ስለ ተሳሰሩ በክሮሚየሙ ላይ ያላቸው ግፊት ይላላል፤ የሚመጠጠው ብርሃን ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ስለሚሸሽም አረንጓዴው በነጻ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከመቶ አሥር እጅ አይደርስም። በ1830ዎቹ በኡራል ተራሮች የተገኘውና በኋላ ዳግማዊ አሌክሳንደር በተባለው የሩሲያ አልጋ ወራሽ ስም አሌክሳንድራይት የተባለው ድንጋይ በሁለቱ መካከል የሚያርፍ ግፊት ስላለው በቀን ብርሃን አረንጓዴ፣ በሻማ ብርሃን ቀይ ሆኖ ይታያል፤ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ሁለቱን ዕንቁዎች የሚያሳይ በመሆኑ ለንድፈ ሐሳቡ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ንድፈ ሐሳቡ የንግዱንም የቆየ ልማድ አስረዳ። በምያንማር ሞጎክ የሚወጣው ሩቢ ከሌሎች አገሮች ሩቢ ሁሉ በላይ ሲከበር የኖረው ከውስጡ እንደ ፍም ስለሚግል ነው። ክሮሚየም የመጠጠውን ብርሃን ከፊሉን በቀይ ብርሃን መልክ መልሶ ይረጨዋል፤ የሞጎክ ሩቢ በእብነ በረድ ውስጥ ያደገና ብረት የሌለበት ያህል በመሆኑ ይህ ብርሃን ሳይታፈን ይወጣል። በታይላንድ ከባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ጥቁር አለት ጋር የሚገኘው ሩቢ ግን ብረት ስለሚበዛበት ብረቱ ግለቱን ያጠፋዋል። ቴዎዶር ማይማን በግንቦት 1960 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር ሲያበራ የተጠቀመው ይህንኑ የክሮሚየም ቀይ ብርሃን፣ ከተሠራ የሩቢ ዘንግ በማውጣት ነው።

ሁሉም ቀለም ግን ከባዕድ ንጥረ ነገር አይመጣም። በማላካይት ውስጥ ያለው መዳብና በፔሪዶት ውስጥ ያለው ብረት የድንጋዩ የራሱ አካል ናቸው፤ አሜቲስት የሚባለው ወይን ጠጅ ኳርትዝ ደግሞ ቀለሙን የሚያገኘው በውስጡ ያለውን ጥቂት ብረት በአካባቢው አለት ያለው የተፈጥሮ ጨረር ሲለውጠው ነው፤ ለዚህም ነው በ450 ዲግሪ ገደማ ሲጋል ቢጫ የሚሆነው። በኦፓል ውስጥ የሚጫወተው ኅብረ ቀለምም ምንጩ ሌላ ነው። የአውስትራሊያው ተመራማሪ ሳንደርስና ባልደረቦቹ በ1964 ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ መጠናቸው እኩል የሆነ ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች በሥርዓት ተደርድረው አገኙ፤ ብርሃኑ በሉሎቹ መካከል ሲያልፍ ይበተናል፣ ትልልቆቹ ሉሎች ቀይን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም ሲያሳዩ ትንንሾቹ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብቻ ያሳያሉ።

የቀለም ምንጭ መታወቁ ከሁሉ ይበልጥ ንግዱን የለወጠው በእሳት በኩል ነው። ያቁትን በእሳት አግሎ ማጥራት አል ቢሩኒም የሚያውቀው የቆየ ጥበብ ቢሆንም፣ በ1970ዎቹ የታይላንድ ነጋዴዎች በስሪላንካ ጌውዳ የሚባለውንና ሰው የማይፈልገውን ወተት መሳይ ኮረንደም እየገዙ ከ1500 ዲግሪ በላይ ሲያግሉት ደማቅ ሰማያዊ ሰንፔር ሆኖ ወጣ። ደመናማ ያደረገው ጥቃቅኑ የታይታኒየም መርፌ በሙቀቱ ቀልጦ ወደ ክሪስታሉ ስለሚገባና ከብረቱ ጋር ስለሚጣመር ነው፤ ቬርኔይ በነበልባል ያደረገውን እነርሱ በምድጃ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛው ሰንፔርና ሩቢ በእሳት ያለፈ ሲሆን፣ ያላለፈው በእጅጉ በላቀ ዋጋ ይሸጣል። መጋሉ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ለገዢው ሳይነገር ሲቀር ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው ዘግይታ ቢሆንም የቀለምን ምንጮች በሦስት ቦታዎች ለይታ ታሳያለች። በ1990ዎቹ በሰሜን ሸዋ መዘዞ ቡናማ ኦፓል ከተገኘ በኋላ፣ በ2008 በወሎ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራው የገደል አለት ውስጥ የተገኘው ነጣ ያለ ኦፓል በሉሎቹ ድርድር ቀለሙን ያሳያል፤ ብዙው ውሃ የሚመጥ በመሆኑ ሲነከር ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፣ በዚሁ ጠባዩ የተነሣም በጭስና በቀለም አጥቁሮ መሸጥ ቀላል ሆኗል። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አካባቢ በ2016 በብዛት መውጣት የጀመረው መረግድ አረንጓዴነቱን ያገኘው ቮክለን ካገኘው ክሮሚየም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በትግራይ አክሱም አቅራቢያ ከባዛልት አፈር መውጣት የጀመረው ሰንፔር ብረት ስለሚበዛበት ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ነው። በወገል ጤና ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚቆፍረው ወጣትም ሆነ በሻኪሶ ጠጠር የሚለየው አምራች የያዘው ድንጋይ ቀለሙን ከምን እንዳገኘ፣ ውሃና እሳት ምን እንደሚያደርጉበት ቢያውቅ ከገዢው ጋር በእኩል ዐይን ለመተያየት ይችላል፤ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምድር ክፍሎችም ይህን ዕውቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አዘጋጅተው ወደ ማውጫዎቹ መንደሮች ሊያደርሱት ይገባል።